ኮምፒውተርዎ ስንት ዓመተ ምሕረት ላይ ነው?

ገናውም ጥምቀቱም አልፎ ልጆች ወደ ትምህርታቸው፣ እኛም ወደየሥራችን ተመልሰናል። የዚህን ወር ጽሑፍ ሐሳብ ያገኘሁት ለገና ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ላሊበላ በሄድኩበት ጊዜ ነው። ሐሳብ አገኘሁ ልበል እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ይዤ የተመለስኩት ጸጸት ነው። እርስዎ እንዳይደርስብዎት ብዬ ነው የምነግርዎት።

ነገሩ የጀመረው ኅዳር ላይ ነው። ታላቅ እህቴ፣ እኛ ቤት እታለም የምንላት፣ በወላጆቻችን ግቢ ውስጥ ጥቂት ክፍሎችን ለእንግዳ ታከራያለች። ላሊበላን ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። ከአለት የተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ የከተማዋ እንጀራ ከእንግዳ ጋር የተያያዘ ነው። መጀመሪያ ኮቪድ፣ ቀጥሎም ጦርነቱ እንግዳውን ካራቁት በኋላ፣ ለገና የሚመጣ አንድ የኢሜይል መልእክት እንኳ ለእታለም ትልቅ ነገር ነው። ኢሜይሉን የምትከፍተው ደግሞ አባታችን በሕይወት ሳለ በገዛው ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ነው።

ኅዳር ላይ መብራት ለቀናት ጠፍቶ ሲመጣ ኮምፒውተሩን ከፈተችው። ማንኛውንም ድረ ገጽ ስትጠራ አንድ ቀይ የማስጠንቀቂያ ምልክትና «ዩር ኮኔክሽን ኢዝ ኖት ፕራይቬት» የሚል ጽሑፍ ይመጣባታል። «ግንኙነትዎ የግል አይደለም» እንደ ማለት ነው። ደወለችልኝ። እኔ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ስብሰባ ልገባ እየተጣደፍኩ ነበር።

«እታለም፣ ቀኑና ሰዓቱ ተዛብቶ ይሆናል። ቀኑን አስተካክይው» አልኳት።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግማ ደወለች። «አስተካክዬዋለሁ፣ ያው ነው።»

«እንግዲያው ቫይረስ ይሆናል። ለባለሙያ አሳይው።»

አሳየችው። ባለሙያውም እንደ ብዙዎቹ የኮምፒውተር ጠጋኞቻችን የሁሉን በሽታ ባንድ መድኃኒት አከመው፤ ፎርማት አደረገው። ኮምፒውተሩ ሠራ። እታለምም ከፍላ ደስ ብሏት ወደ ቤቷ ይዛው ተመለሰች። ከሳምንት በኋላ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ግን ያ ቀይ ምልክት ተመልሶ መጣ። የከፋው ነገር የታወቃት ያኔ ነው። አባታችን ከማረፉ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት የተነሣቸው ፎቶዎች በሙሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበሩ። ነጭ ጋቢውን ለብሶ ቤተ ማርያም አጠገብ ከልጅ ልጆቹ ጋር የተነሣው፣ ግቢው ውስጥ ጽድ ሥር ተቀምጦ የሚያነብበት፣ ሁሉም ከፎርማቱ ጋር ሄደዋል። በቴሌግራም የላከችልኝ አንዲት ፎቶ ብቻ ተርፋለች።

ለገና ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት የኮምፒውተሩን የታችኛውን የቀኝ ጥግ ነው። ዓመቱ 2018 ይላል።

«እታለም፣ ይኼ 2018 ምንድን ነው?»

«ምን ልበል ታዲያ? ዘመኑ 2018 አይደለም እንዴ?» ብላ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቤተ ክርስቲያን ካላንደር አሳየችኝ።

ልክ ነበረች። «ቀኑን አስተካክይው» ያልኳት እኔ ነኝ። በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ግን አልነገርኳትም። ባሕረ ሐሳብ የሚቆጥሩ ሊቃውንት በሞሉበት ከተማ ለሚኖር ሰው ዘመኑ አንድ ነው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ደግሞ ሌላውን ብቻ ነው።

ሰርተፍኬቱ መታወቂያ ነው

እርስዎ የባንክዎን ወይም የኢሜይልዎን ድረ ገጽ ሲከፍቱ፣ ገጹ ከመታየቱ በፊት በሴኮንድ ሽራፊ ውስጥ አንድ ፍተሻ ይካሄዳል። ድረ ገጹ «እኔ እገሌ ነኝ» ብሎ መታወቂያውን ያቀርባል። ይህ መታወቂያ የደኅንነት ሰርተፍኬት ይባላል። ኢንተርኔት መክፈቻዎ፣ ማለትም ክሮም፣ ፋየርፎክስ ወይም ኤጅ፣ መታወቂያውን ተቀብሎ እንደ ባንክ ቤት ሠራተኛ ይመረምረዋል። የሚያያቸው ዋና ዋና ነገሮች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ስም ነው። መታወቂያው ላይ የተጻፈው ስም እርስዎ ከጠሩት አድራሻ ጋር አንድ መሆን አለበት። ሁለተኛው ማኅተም ነው። መታወቂያውን የሰጠው አካል ኮምፒውተሩ ከሚያምናቸው ሰጪዎች ዝርዝር ውስጥ መገኘት አለበት። ሦስተኛው ቀን ነው። መታወቂያው የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል፤ ዛሬ በሁለቱ መካከል መዋል አለበት።

ሦስቱም ከተሟሉ ገጹ ይከፈታል፣ በእርስዎና በድረ ገጹ መካከል የሚያልፈውም ነገር በመንገድ ላይ ያለ ሰው ሊያነበው በማይችል ምስጢር ይቆለፋል። አንዱ ከጎደለ ያ ቀይ ምልክት ይመጣል። ምልክቱ ቫይረስ ገባ ማለት አይደለም። «ይህን መታወቂያ ማረጋገጥ አልቻልኩም» ማለት ብቻ ነው።

አሁን የእታለምን ኮምፒውተር ያስቡት። ዓመቱ 2018 ነው ሲባል፣ እሱ የሚረዳው የፈረንጆቹን 2018 ነው። ድረ ገጾቹ የሚያቀርቡት መታወቂያ ግን በ2025 የተሰጠ ነው። ለኮምፒውተሩ ይህ ከሰባት ዓመት በኋላ የሚሰጥ መታወቂያ ዛሬ ይዞ እንደ መጣ ሰው ነው። አላምንም ማለቱ ትክክል ነው። ክሮም እንዲያውም በግልጽ «ዩር ክሎክ ኢዝ ቢሃይንድ»፣ ማለትም «ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል» ይላል። እታለም ግን ግድግዳዋን አይታ «ምኑ ነው ወደ ኋላ የቀረው?» ብትል ማን ይፈርድባታል?

አንዲት ጥያቄ፦ ሁሉም ነው ወይስ አንዱ?

ይህ ምልክት ሲመጣብዎት ወደ ጠጋኝ ከመሄድዎ በፊት ራስዎን አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ። ችግሩ በሁሉም ድረ ገጾች ላይ ነው ወይስ በአንዱ ላይ ብቻ? ሁለት ሦስት የታወቁ ገጾችን ይሞክሩ። ከዚያም ስልክዎን ከዚያው ዋይፋይ ጋር አገናኝተው እነዚያኑ ገጾች ይክፈቱ።

በኮምፒውተሩ ሁሉም እምቢ ብለው በስልኩ ከተከፈቱ፣ ጥፋቱ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። በሁለቱም ሁሉም እምቢ ካሉ ጥፋቱ ዋይፋዩ ነው። አንድ ገጽ ብቻ በሁለቱም ላይ እምቢ ካለ ጥፋቱ የድረ ገጹ ባለቤት ነው፤ እርስዎ የሚጠግኑት ነገር የለም። ይህች የሁለት ደቂቃ ሙከራ የእኛን ቤት ፎቶዎች ታተርፍ ነበር።

ሁሉም ከሆነ፦ ከሰዓቱ ይጀምሩ

ስልክ ቀኑንና ሰዓቱን ከኔትዎርክ ስለሚወስድ ብዙም አይሳሳትም። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ግን ተዘግቶ ሳለ ሰዓቱን የሚያስታውሰው ማዘርቦርዱ ላይ በተቀመጠች፣ ሳንቲም በምታክል ጠፍጣፋ ባትሪ ነው። በአብዛኛው ሲአር 2032 የምትባለዋ ነች። ባትሪዋ ለዓመታት ታገለግላለች፤ ኮምፒውተሩ ከመብራት ተነቅሎ ብዙ በቆየ ቁጥር ግን ቶሎ ትደክማለች። መብራት እየሄደ በሚመጣበት፣ ወይም በጦርነት ምክንያት ኮምፒውተሮች ለወራት ተዘግተው በከረሙበት አካባቢ ምን እንደሚሆን መገመት ነው። ባትሪዋ ስትሞት መብራት በጠፋ ቁጥር ኮምፒውተሩ ወደ ተሠራበት ዘመን ይመለሳል። ሲነሣ ጥቁር ገጽ ላይ «ኤፍ 1 ይጫኑ» የሚል መልእክት ካመጣና ቀኑ ከብዙ ዓመታት በፊት ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ ባትሪዋ ናት።

ያ ባለሙያ ኮምፒውተሩን ያዳነ የመሰለውም ለዚህ ነበር። ዊንዶውስን እንደ አዲስ ሲጭን የግድ ቀኑንም አስተካከለው። ያዳነው ቀኑ ነው፣ ምስጋናውን ግን ፎርማቱ ወሰደ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቀኑ ተመልሶ ጠፋ።

ቀኑን ለማስተካከል የሚከተለውን ያድርጉ።

1. የታችኛው ጥግ ላይ ያለውን ሰዓት በመዳፊቱ ቀኝ ጠቅታ ይጫኑና «አድጀስት ዴት ኤንድ ታይም» የሚለውን ይምረጡ።

2. መጀመሪያ «ታይም ዞን» የሚለውን ይዩ። ዊንዶውስ አዲስ አበባን በስም አያወጣም። የእኛ ሰዓት ከናይሮቢ ጋር አንድ ስለሆነ «ናይሮቢ» የሚለውን፣ ፕላስ 3 የተጻፈበትን ይምረጡ።

3. ቀኑን በእጅ ያስገቡ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ማገባደጃ በእኛ ዓመት ላይ 7 ይደምራሉ፤ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይደምራሉ። ይህን ስጽፍ ጥር 20 ቀን 2018 ነው፤ ለኮምፒውተሩ ጃንዋሪ 28 ቀን 2026 ነው።

4. ሰዓቱንም አይርሱ። በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ለኮምፒውተሩ 8 ኤኤም ነው። የ6 ሰዓት ስህተት ብዙ ጊዜ ድረ ገጽ አይዘጋም፤ ነገር ግን በየ30 ሴኮንዱ የሚቀያየሩትን የማረጋገጫ ቁጥሮች ያዛባል፣ የኢሜይልዎንም ቅደም ተከተል ያምታታል።

5. በመጨረሻ «ሴት ታይም አውቶማቲካሊ» የሚለውን ያብሩና «ሲንክ ናው» የሚለውን ይጫኑ። ከአሁን በኋላ ኢንተርኔት ባገኘ ቁጥር ራሱን ያስተካክላል። በእጅ ማስገባቱን ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቀኑ በብዙ ዓመት ከራቀ ዊንዶውስ በራሱ ማስተካከሉን እምቢ ሊል ይችላል።

ባትሪዋን መቀየር ለብዙ ሰው ከባድ ይመስላል። ኮምፒውተሩን ዘግተው ከመብራት ይንቀሉት፣ የጎን ክዳኑን ይክፈቱ፣ የመደመር ምልክቷ ወደ ላይ መሆኑን ያስተውሉ፣ ትንሿን ማቀፊያ ገፋ አድርገው ያውጧት፣ አዲሷን በዚያው አቀማመጥ ያስገቡ። ሰዓት ጠጋኞች ዘንድም፣ ኮምፒውተር መለዋወጫ ቤቶችም ትገኛለች። ላፕቶፕ ከሆነ ግን መክፈቱን ለባለሙያ ይተዉት።

የኢትዮጵያን ቀን ኮምፒውተርዎ ላይ ማየት ከፈለጉ ይህን የሚያሳዩ መተግበሪያዎች አሉ። የኮምፒውተሩን የራሱን ሰዓት ብቻ አይንኩበት።

ሰዓቱ ልክ ሆኖ ሁሉም ካልተከፈተ

ሦስት ነገሮችን ይመርምሩ።

አንደኛው አንቲቫይረስ ነው። አንዳንድ አንቲቫይረሶች የተቆለፈውን መልእክት ከፍተው ለመመርመር በእርስዎና በድረ ገጹ መካከል ይገቡና የራሳቸውን መታወቂያ ያቀርባሉ። ጊዜው ካለፈ ወይም ክራክ የተደረገ ከሆነ ይህ ሥራው ይበላሻል። ፋየርፎክስ ሲያስጠነቅቅ ኤጅ ዝም ካለ፣ ወይም መታወቂያውን የሰጠው አካል የአንቲቫይረሱ ስም ከሆነ፣ የአንቲቫይረሱን «ኤችቲቲፒኤስ ስካኒንግ» ያጥፉ። ካልሆነም አውጥተው ዊንዶውስ ይዞት የሚመጣውን ዲፌንደር ይጠቀሙ።

ሁለተኛው እርጅና ነው። ኮምፒውተሩ የሚያምናቸው ማኅተም ሰጪዎች ዝርዝር በየጊዜው ይታደሳል፤ ያልታደሰ ኮምፒውተር አዲሶቹን አያውቃቸውም። ሴፕቴምበር 30 ቀን 2021፣ በእኛ መስከረም 20 ቀን 2014፣ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለውና ለብዙ ሚሊዮን ድረ ገጾች በነጻ ሰርተፍኬት የሚሰጠው ድርጅት የሚደገፍበት አሮጌ ዋና ማኅተም ጊዜው አበቃ። በዓለም ዙሪያ ያልታደሱ አሮጌ ኮምፒውተሮችና ስልኮች በዚያ ቀን ብዙ ገጾችን መክፈት አቃታቸው። በዚያ ሰሞን ላሊበላ በጦርነቱ ውስጥ ነበረች፤ መብራትም ስልክም አልነበረም። የተዘጋ ኮምፒውተር እንዲህ ያለው ለውጥ ሁሉ ያልፈዋል። ስለዚህ ከርሞ የተከፈተ ኮምፒውተር መጀመሪያ ቀኑን፣ ቀጥሎ ዊንዶውስ አፕዴትን፣ ከዚያ ክሮምን ወይም ፋየርፎክስን ያድሱለት። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 7ን መደገፍ ያቆመው በጃንዋሪ 2020 ነው፤ ክሮምም ከ109ኛው እትሙ በኋላ በዚያ ላይ አይታደስም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል።

ሦስተኛው የሕዝብ ዋይፋይ ነው። በሆቴል፣ በካፌ ወይም በአውሮፕላን ማረፊያ ዋይፋዩ መጀመሪያ የራሱን የመግቢያ ገጽ ሊያሳይዎት ይፈልጋል። እርስዎ ደግሞ ኢሜይልዎን ይጠራሉ። የጠሩት ሌላ፣ የመጣው ሌላ ስለሆነ ማስጠንቀቂያው ይወጣል። ገጹን ይዝጉና የዋይፋዩን መግቢያ ጨርሰው ይመለሱ። ገብተው ከጨረሱም በኋላ ማስጠንቀቂያው ካልጠፋ ያንን ዋይፋይ ይተዉትና በስልክዎ ዳታ ይጠቀሙ።

አንዱ ብቻ ከሆነ

አድራሻውን መጀመሪያ ፊደል በፊደል ያንብቡ። አንዲት ፊደል ስታ ሌላ ቤት አንኳኩተው ይሆናል። አድራሻው ልክ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚገጥመው የድረ ገጹ ባለቤቶች ሰርተፍኬታቸውን ሳያድሱ ቀኑ ማለፉ ነው። በአድራሻው ጎን ያለውን ምልክት ተጭነው ሰርተፍኬቱን ቢከፍቱ የሚያበቃበትን ቀን ያገኙታል።

ይህ ነገር ከእንግዲህ የሚቀንስ አይመስለኝም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሰርተፍኬት ለሁለትና ለሦስት ዓመት ይሰጥ ነበር። ከሴፕቴምበር 2020 ጀምሮ ከ398 ቀን እንዳይበልጥ ተደረገ። መጋቢት 6 ቀን 2018 ዓ.ም. ወደ 200 ቀን ወረደ፤ በ2029 እ.ኤ.አ. ደግሞ 47 ቀን ብቻ ይሆናል። ለደኅንነት ጥሩ ነው፤ የተሰረቀ መታወቂያ ቶሎ ይሞታል። ነገር ግን ማደሱን በእጅ ለሚሠሩ መሥሪያ ቤቶች መርሳት ይበዛል። በእኛ በተጠቃሚዎቹም በኩል፣ ድሮ ሁለት ወር ወደ ኋላ የቀረ ሰዓት ዝም ተብሎ ያልፍ የነበረው አሁን ቶሎ ያስይዛል።

እንዲህ ያለ ገጽ ሲያጋጥምዎት ማስታወቂያ ወይም ዜና ብቻ ለማንበብ ከሆነ ነገ ይመለሱ። የይለፍ ቃል፣ የባንክ ቁጥር፣ የመታወቂያ ቁጥር የሚጠይቅ ከሆነ ግን አይሙሉ። ደውለው ይንገሯቸው፤ ብዙ ጊዜ እነሱም አያውቁም።

ያቺን ትንሽ ጽሑፍ አለመጫን

እኔ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ። የእኛ ሙያ፣ እንተዋወቅ ከተባለ፣ ሰው ሳያመነታ ቁልፍ እንዲጫን ማድረግ ነው። እንዲጫኑት የምንፈልገውን ትልቅና ባለ ቀለም እናደርገዋለን፤ እንዳይጫኑት የምንፈልገውን ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል እንደብቀዋለን። የማስጠንቀቂያውን ገጽ በዚህ ዓይን ይዩት። «ባክ ቱ ሴፍቲ»፣ ማለትም «ወደ ደኅና ቦታ ልመለስ» የሚለው ትልቅ ሰማያዊ ቁልፍ ነው። «ይሁን፣ ልግባ» የምትለዋ «አድቫንስድ» ከሚለው ሥር በደቃቅ ፊደል ተሸሽጋለች። የሠሩት ሰዎች እንዳይጫኗት እየለመኑዎት ነው። ጂሜይልን በመሳሰሉ ገጾች ላይ ጭራሽ አትገኝም።

እኛ ግን እርስ በርስ የምንማማረው እሷን ነው። «አድቫንስድ በለው፣ ከዚያ ፕሮሲድ በለው፣ ይከፍትልሃል።» የኢንተርኔት ቤት ልጆች ያስተምሩናል፣ እኛ ለወላጆቻችን፣ ወላጆች ለልጆች። ሰዓቱ የተዛባ ኮምፒውተር ያለበት ቤት በቀን አሥር ጊዜ እሷን ሲጫን ይውላል። አንድ ቀን እውነተኛው አደጋ ሲመጣ ጣት ያው የለመደውን ያደርጋል። ከሰዓቱ መዛባት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ልማድ ነው።

እውነተኛ አደጋ አለ ወይ? አለ። በ2011 እ.ኤ.አ. ዲጂኖታር የተባለው የኔዘርላንድስ ሰርተፍኬት ሰጪ ኩባንያ ተሰብሮ በጉግል ስም የሐሰት መታወቂያ ወጣ። በዚያም መታወቂያ ኢራን ውስጥ ያሉ የጂሜይል ተጠቃሚዎች መልእክት ይጠለፍ ነበር፤ በኋላ በተደረገው ምርመራ ወደ 300,000 የሚጠጉ የኢንተርኔት አድራሻዎች ተነክተው ተገኙ። ነገሩ አደባባይ የወጣው አንድ የኢራን ተጠቃሚ ክሮም ላይ የመጣበትን ማስጠንቀቂያ ችላ ሳይል ምንድን ነው ብሎ ስለጠየቀ ነው። ኩባንያው በዚያው ዓመት ከሰረ።

ነገሩን ገልብጠው ደግሞ ያስተውሉ። ማስጠንቀቂያ አልመጣም ማለት ገጹ ታማኝ ነው ማለት አይደለም። ሰርተፍኬቱ የሚመሰክረው ከጠሩት አድራሻ ጋር መገናኘትዎን እንጂ፣ የአድራሻው ባለቤት ደግ ሰው መሆኑን አይደለም። አጭበርባሪም ለሐሰተኛ ገጹ እውነተኛ ሰርተፍኬት በነጻ ያወጣል። የቁልፍ ምልክት አይተው ብቻ የባንክ ምስጢርዎን አይስጡ።

ለልጆችዎ አንዲት ሕግ ይበቃቸዋል። ቀዩ ምልክት ሲመጣ ምንም ሳይነኩ አዋቂ ይጥሩ።

«ፎርማት ይደረግ» ከመባሉ በፊት

ኮምፒውተርዎን ለጠጋኝ ሲሰጡ ሦስት ነገር ይጠይቁ። ቀኑን አይተኸዋል? ከፎርማት ሌላ ምን ሞከርክ? ፎቶዎቹና ሰነዶቹ የት ተገልብጠዋል? ሦስተኛውን በቃል መልስ አይለፉት፤ ፍላሽ ወይም ውጫዊ ዲስክ ይዘው ሄደው፣ ከፍተው፣ በዓይንዎ አይተው ይስጡ። «ዲ ላይ ያለው አይነካም» የሚባለውን አይመኑ፤ እኛ ቤት ሁለቱም ክፍል ነው የጸዳው።

ምናልባት ከተፈጸመ በኋላ ከሆነ የሚያነቡት፣ ኮምፒውተሩን ያኔውኑ ያጥፉትና አይጠቀሙበት። ፎርማት የተደረገ ዲስክ ላይ አዲስ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ የተወሰነው ሊመለስ ይችላል። እኛ ዘግይተናል። እታለም ለሳምንታት ሠርታበት ነበር። ዲስኩን አዲስ አበባ ይዤ መጥቼ አስሞከርኩት፤ የልጆቹ ጥቂት ቪዲዮዎች ተቆራርጠው ተገኙ። የአባታችን ፎቶዎች ግን አልተገኙም።

የገና ዕለት ከሰዓት በኋላ አንዲት ባትሪ ገዝተን ክዳኑን አብረን ከፈትነው። የእታለም ትልቁ ልጅ አሮጌዋን አውጥቶ አዲሷን አስገባ። ቀኑን አስተካከልን፣ ጂሜይል ተከፈተ። ከገቡት መልእክቶች መካከል ከዓመታት በፊት ቤታችን አርፈው የነበሩ ባልና ሚስት ለገና ሁለት ክፍል ፈልገው ኅዳር ማብቂያ ላይ የጻፉት ነበረበት። እታለም አንብባ ዝም አለች። ቆይታ «ይቅርታ ጠይቄ ልጻፍላቸው፣ ለከርሞ ይምጡ» አለች።

አሁን ኮምፒውተሩ ጠርዝ ላይ በእጇ የጻፈችው ወረቀት ተለጥፏል። በአንድ በኩል የእኛ ዘመን፣ በሌላው የፈረንጆቹ። ከተረፈችው አንዲት ፎቶ ላይ እኔ ሦስት ኮፒ አሳትሜ አንዷን ላኩላት፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ካላንደር ጎን ሰቅላታለች።

ውድ አንባቢያችን፣ ዛሬ ማታ ሁለት ነገር ያድርጉ። የኮምፒውተርዎን ጥግ አይተው ስንት ዓመተ ምሕረት ላይ እንዳለ ያረጋግጡ። ከዚያም የቤተሰብዎን ፎቶዎች ሌላ ቦታ ይገልብጡ። እንደ እኔ ርቀው ሆነው በስልክ የሚረዱት ዘመድ ካለዎትም «ቀኑን አስተካክይ» ብለው ብቻ ስልኩን አይዝጉት።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።